ኩሬው ሲደርቅ

ከደጀን ተነሥቶ ቢቸናን፣ ደብረ ወርቅን፣ ግንደ ወይንንና ቀራንዮን አልፎ ሞጣ የሚደርሰው መንገድ የሚያቋርጠው አገር ክረምቱ ሲወጣ ውሃ የተኛበት አገር ነው። የቢቸና ዋልካ በበጋ እግር እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ሐምሌና ነሐሴ ውሃ ሲጠግብ ያብጥና ስንጥቁ ይገጥማል፤ ከዚያ ወዲያ የሚወርደው ዝናብ መግቢያ ስለሚያጣ በየጎድጓዳው ያቁራል። በዘመን መለወጫ ሰሞን ልጃገረዶች እንግጫ ሊነቅሉ የሚወርዱበት ጨፌ ገና ጭቃው አልጠጠረም። መስከረም ጠብቶ ደለሉ ሲረጋና ውሃው ሲጠራ፣ በኩሬው ዳርና በምንጩ ማቆሪያ ውስጥ አረንጓዴ ነገር ተንሳፍፎ ይታያል። በጣት ሲያነሡት ያሟልጫል፤ ጨምቀው ቢዘረጉት ከጸጉር የቀጠነ ረጅም ክር ነው። ውሃ ቀጂዋ ገፋ አድርጋ ዕቃዋን ትሞላለች፤ ከብቱም በአፉ ከፍሎት ይጠጣል። ከዕፅዋት ወገን ብሎ የሚቆጥረው ሰው ግን እምብዛም የለም።

ከእነዚህ ክሮች አንዱን ነጥሎ በትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ሥር ያየ ተማሪ የሚያየውን ቶሎ አይረሳውም። ክሩ ጫፍ ለጫፍ በተቀጣጠሉ ህዋሳት የተሠራ ነው። በእያንዳንዱ ህዋስ ውስጥ አረንጓዴ ጥብጣብ የህዋሱን ግድግዳ ታክኮ እየተጠማዘዘ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። ጥብጣቡ ክሎሮፕላስት ነው፤ ብርሃን አስተጻምሮ የሚካሄደው እዚያ ውስጥ ነው። ይህ አልጌ ስፓይሮጋይራ ይባላል። በዓለም ዙሪያ ጨው በሌለበት የረጋ ውሃ ሁሉ የሚገኝ ተራ ነገር ነው፤ የዘር ሐረጉ ግን ተራ አይደለም። ስፓይሮጋይራ በባሕር ውስጥ ከሚኖሩት አረንጓዴ አልጌዎች ይልቅ ለጤፍ፣ ለዝግባና በጮቄ አናት ላይ ለሚቆመው ጅብራ ይቀርባል። የየብስ ዕፅዋት ሁሉ የቅርብ ዘመድ ይፈለግ ቢባል የሚገኘው እሱና ወገኖቹ ዘንድ ነው።

የሕይወትን ታሪክ የሚተርኩ ሥዕሎች ብዙውን ጊዜ ዕፅዋት ከባሕር ማዕበል ወጥተው ዳርቻው ላይ ሲተከሉ ያሳያሉ። ማስረጃው የሚለው ሌላ ነው። የዛሬዎቹ ዕፅዋት አያቶች የብስን የለመዱት በሚሞላና በሚጎድል፣ ጨው በሌለበት ጥልቀት የለሽ ውሃ ውስጥ ነው። ድርቀትን መቋቋም የተማሩት የብስ ላይ ከወጡ በኋላ ሳይሆን፣ ውሃው በየጊዜው እየከዳቸው ውስጡ ሳሉ ነው። ክረምትና በጋ የሚፈራረቁበትን አገር የሚያውቅ አንባቢ ይህን ከማንም በላይ ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ።

ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት አረንጓዴነት ራሱ ከየት እንደመጣ በአጭሩ እንይ። በብርሃን ጉልበት ከውሃና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ስኳር ሠርቶ ኦክስጅን ማውጣት የተጀመረው ሳያኖባክቴሪያ በሚባሉ ደቂቅ ፍጥረታት ነው። ከ2.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በከባቢ አየር ውስጥ ኦክስጅን እንዲጠራቀም ያደረጉት እነሱ ናቸው። ጉልበታቸውን ማየት የሚሻ ቢሾፍቱ ሄዶ አረንጓዴ ሐይቅን ይመልከት፤ ሐይቁ ስሙን ያገኘበት ቀለም ስፓይሩሊና የተባለው ሳያኖባክቴሪያ ሥራ ነው። ታሊንግ የተባሉት ሳይንቲስትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጡት ጥናት፣ በውሃ ውስጥ የሚካሄድ ብርሃን አስተጻምሮ እስከምን ሊደርስ እንደሚችል ለማሳየት ማስረጃ ያደረጉት ይህን ሐይቅና አቅራቢያው ያለውን ኪሎሌን ነበር።

ከ1 ቢሊዮን ዓመት በላይ በፊት አንድ ሌላ ህዋስ ሳያኖባክቴሪያ ዋጠ፤ ሳይፈጨውም አብሮት ኖረ። የተዋጠው ክሎሮፕላስት ሆነ። ሩሲያዊው ሜሬሽኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1905 ይህን ሐሳብ ሲያቀርቡ ተቀባይ አላገኙም፤ አሜሪካዊቷ ሊን ማርጉሊስ እ.ኤ.አ. በ1967 በአዲስ መልክ ካነሡት በኋላ ነው ቀስ በቀስ የተረጋገጠው። በሰሜን ቻይና በሊያኦኒንግ የተገኘና እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነ ቅሪተ አካል፣ ቅርንጫፍ ያላቸው ጥቃቅን አረንጓዴ አልጌዎች ከ1 ቢሊዮን ዓመት በፊት በባሕር ወለል ላይ እንደነበሩ ያሳያል። አረንጓዴዎቹ ሁለት ቦታ ተከፈሉ። አንዱ ወገን በብዛት በባሕር የሚታየው ሲሆን ሌላው ወደ ወንዙ፣ ወደ ኩሬውና ወደ ረጠበው አፈር ያዘነበለ ነው። የዚህ ምዕራፍ ባለታሪክ ሁለተኛው ነው።

የብስ የሚያጓጓ ነገር ነበረው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአየር ውስጥ የሚሰራጨው በውሃ ውስጥ ከሚሰራጨው 10,000 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ነው። ብርሃኑንም ደለል አይጋርደውም። ችግሩ ያው ብርሃን ራሱ፣ ሙቀቱና ከሁሉም በላይ ድርቀቱ ነው። ህዋስ በአብዛኛው ውሃ ነው፤ ውሃው ሲያልቅ ሽፋኑ ይቀደዳል፣ ፕሮቲኑ ይበላሻል። ባሕር ውስጥ የሚኖር አልጌ ይህ ችግር እምብዛም አይገጥመውም። በኩሬ የሚኖር ግን በየዓመቱ ይገጥመዋል።

ኩሬው መጉደል ሲጀምር ስፓይሮጋይራ የሚያደርገውን እንመልከት። ሁለት ክሮች ጎን ለጎን ይተኛሉ። ትይዩ በሆኑት ህዋሳት መካከል አጭር ቱቦ ይበቅላል። የአንደኛው ህዋስ ይዘት ከነጥብጣቡ ተኮማትሮ በቱቦው እየተንሸራተተ ወደ ሁለተኛው ይገባል፤ ሁለቱም ይዋሐዳሉ። የለቀቀው ህዋስ ባዶ ቀፎ ሆኖ ይቀራል። የተዋሐደው ደግሞ ይከብና እየወፈረና እየጠቆረ በሚሄድ ግድግዳ ይታሸጋል። ከዚያ ክሩ ይበሰብሳል፣ ኩሬው ይደርቃል፣ ጭቃው ይሰነጠቃል። ያቺ የታሸገች ህዋስ ግን እዚያው አፈር ውስጥ ውሃ እስኪመለስ ትጠብቃለች። ግድግዳዋ በዕፅዋት የብናኝና የስፖር ቅርፊት ላይ ከሚገኘው፣ ስፖሮፖለኒን ከሚባለው እጅግ ብርቱ ነገር ጋር የሚቀራረብ ነው።

ለረጅም ጊዜ ተመራማሪዎች የዕፅዋት የቅርብ ዘመድ ብለው የሚጠረጥሩት ስፓይሮጋይራን አልነበረም። ይልቁንም ቁመናዋ ትንሽ ተክል የምትመስለውን ካራ የተባለች የሐይቅ አልጌ ነበር። ካራ ግንድ መሰል ነገር አላት፣ በየአንጓዋም ቅርንጫፍ ታወጣለች። መልክ ግን አሳሳተ። ዘረ መልን በብዛት ማንበብ ሲቻል፣ በተለይ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው ሰፊ ንጽጽርና ከ1,000 በላይ ዝርያዎችን ባካተተው የ2019 ጥናት፣ ቅርንጫፍ እንኳ የሌላቸው ስፓይሮጋይራና ወገኖቹ ከካራ ይልቅ ለዕፅዋት እንደሚቀርቡ ታወቀ። ዛሬ ያሉት አልጌዎች የዕፅዋት አያቶች አይደሉም፤ ከጋራ አያት የወረዱና የየራሳቸውን መንገድ የሄዱ ዘመዶች ናቸው። የጋራው አያት ምናልባት ከእነሱ የተወሳሰበ አካል ነበረው፣ እነሱ ግን ኑሯቸውን እያቀለሉ መጡ።

በዚያው በ2019 ከዚሁ ወገን የሆኑ፣ በረጠበ አፈርና ድንጋይ ላይ የሚኖሩ ሁለት አልጌዎች ሙሉ ዘረ መል ተነበበ። የተገኘው ነገር በዚህ መስክ ካነበብኳቸው ሁሉ የሚደንቀኝ ነው። ዕፅዋት ውሃ ሲያጥራቸው አብሲሲክ አሲድ የሚባል ሆርሞን ያመርታሉ። ሆርሞኑ ቅጠል ላይ ያሉትን መተንፈሻ ቀዳዳዎች ያዘጋል፣ ህዋሱ ለድርቀት እንዲዘጋጅ ያዛል። መልእክቱን የሚቀበለው ፕሮቲን የሚሠራበት የዘረ መል ቤተሰብ በእነዚህ አልጌዎች ውስጥ ተገኘ፤ ሲመረመርም ምንጩ የአፈር ባክቴሪያ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ከወላጅ ያልተወረሰ፣ ከጎረቤት የተገኘ ዘረ መል ነው ማለት ነው። አልጌዎቹ ከባክቴሪያ ጋር በአንድ እርጥብ አፈር ላይ ተደባልቀው ሲኖሩ አንዱ የሌላውን ቁራጭ ወሰደ። ዝናብ ቀድሞ በሚቋረጥበት ዓመት በቢቸና ዙሪያ፣ በእነማይ ማሳ ላይ ያለ ጤፍ ቀዳዳዎቹን የሚዘጋው በዚህ ሥርዓት ነው። በበርን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዘሪሁን ታደለ የተሳተፉበት ቡድን የጤፍን ዘረ መል እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ሲያደርግ ካነሣሣቸው ጉዳዮች አንዱ ጤፍ ድርቅን እንዴት እንደሚችል ማወቅ ነበር። ጥያቄው የጤፍ ብቻ አይደለም፤ መልሱ ከፊሉ ከጤፍ በጣም ይቀድማል።

ይህ ሁሉ የተባለው በሕይወት ያሉትን በማነጻጸር ነው። ድንጋዩስ ምን ይላል? የምሥራቅ ጎጃም ሰው ስለ ድንጋይ ሲያስብ መጀመሪያ ትዝ የሚለው የዐባይ ሸለቆ ነው፤ ደግሞም ትክክል ነው፤ ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ በአፍሪካ ቀንድ የምድር ታሪክ ከሚነበብባቸው ቦታዎች ዋነኛው ነው። ከአፋፉ ላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፈስሶ የረጋ እሳተ ገሞራ ነው። የቢቸና ዋልካ የተገኘው ከእንዲህ ዓይነቱ ድንጋይ መበስበስ ነው። ጮቄ ራሱ ከዚያ በኋላ፣ ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የተቆለለ እሳተ ገሞራ ነው። ወደ ታች ሲወርዱ አሸዋማ ድንጋይ ይመጣል፤ ከዚያ ቀንድ አውጣና ዛጎል የተቀበረበት፣ የባሕር ወለል የነበረ የኖራ ድንጋይ፤ ከዚያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የምድር ሳይንስ ተመራማሪ ጌታነህ አሰፋ የጎሐ ጽዮንን ስም የሰጡት ጂፕሰም ያለበት ንብርብር፤ ከሥሩም ወንዙ አጠገብ ቀላ ያለው የታችኛው አሸዋማ ድንጋይ።

ከአፋፍ እስከ ዐባይ ድልድይ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ወርደን የምንደርሰው ከ200 ሚሊዮን ዓመት ትንሽ ወዲህና ወዲያ ወደሆነ ድንጋይ ነው። ለእኛ ጉዳይ ይህ ዘግይቷል። የታችኛው አሸዋ ሲነጠፍ ዕፅዋት የብስ ላይ መኖር ከጀመሩ ከ250 ሚሊዮን ዓመት በላይ አልፏቸዋል፤ ደንም ነበር፣ ዘርም ነበር። የመጀመሪያውን ዘመን ድንጋይ ለማግኘት ወደ ሰሜን፣ ወደ ትግራይ መሄድ ያስፈልጋል። በእንትጮ አካባቢ ያለው አሸዋማ ድንጋይ ከኦርዶቪሲያን ዘመን ጀምሮ የተቀመጠ ነው። ያን ጊዜ ኢትዮጵያ ጎንድዋና የሚባለው ታላቅ አህጉር አካል ነበረች፤ የደቡብ ዋልታም በአፍሪካ ውስጥ ነበር። ከ445 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሰሜን አፍሪካንና ዐረቢያን ግዙፍ በረዶ ሸፈናቸው። በትግራይ በረዶ የጎተተውና የፈጨው ድንጋይ ዛሬም ይታያል። በእዳጋ ዓርቢ ያለው የበረዶ ዘመን ጭቃ ግን ሌላ ነገር አስተማረ። ከውስጡ የወጡት ስፖሮችና የብናኝ ቅሪቶች ቢያንስ የዚያ ንብርብር ዕድሜ 300 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ መሆኑን አሳዩ፤ ማለትም በረዶ ወደዚህ አገር የመጣው አንዴ ብቻ አልነበረም። የድንጋይን ዕድሜ በዓይን በማትታይ ስፖር መለየት ይቻላል ማለት ይህ ነው።

አሠራሩ ቀላል ባይሆንም ለመረዳት አያስቸግርም። ድንጋዩ ይደቅቅና ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ውስጥ ይገባል። አሲዱ አሸዋውንና ሸክላውን ሁሉ ይበላል፤ አጥንትና ብርጭቆ የሚበላ አሲድ ነው። የስፖርን ቅርፊት ግን አይነካም። የቀረው ጥቁር ዝቃጭ ታጥቦ በማይክሮስኮፕ ይታያል። አንዲት ስፖር ከአንድ ሚሊሜትር ሠላሳ እጅ አንዷን ብታህል ነው። ያ ቅርፊት፣ ኩሬ ሲደርቅ ህዋስን ከሞት ያዳነው ዓይነት ቅርፊት፣ በመቶ ሚሊዮኖች ለሚቆጠር ዓመት ሳይፈርስ የሚቆይ ማስረጃ ሆነ።

በዚህ መንገድ የተገኙት ጥንታውያን የየብስ ዕፅዋት ስፖሮች ዕድሜያቸው 470 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በአርጀንቲና ተገኝተዋል፤ በሳዑዲ ዐረቢያም እንዲሁ። ብዙዎቹ ለአራት ለአራት ተጣብቀው የቀሩ ናቸው፤ አንድ ህዋስ ሁለት ጊዜ ተከፍሎ አራት ሲሆን የሚፈጠር ቅርጽ ነው። የሼፊልዱ ቻርለስ ዌልማንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ግኝት ደግሞ ከኦማን የጉድጓድ ቁፋሮ የወጣ ነው፤ 450 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ካስቆጠረ ድንጋይ ውስጥ፣ ስፖሮቹ በነጠላ ሳይሆን ተሰብስበው፣ ከነተሠሩበት ከረጢት ቁራጭ ተገኙ። ኦማን ሩቅ አገር አይደለም። ቀይ ባሕር የተከፈተው ካለፉት 30 ሚሊዮን ዓመታት ወዲህ ነው፤ ያን ጊዜ ዐረቢያና የኛ ምድር አንድ መሬት ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ዕፅዋት በስኮትላንድና በዌልስ ድንጋይ ስለታወቁ ብቻ ታሪኩን የአውሮፓ ታሪክ አድርገን ማንበብ የለብንም። ጥንታዊው ማስረጃ ከጎንድዋና ነው።

እነዚያን ስፖሮች የበተኑት ዕፅዋት ምን ይመስሉ ነበር? ለመገመት የሚረዳን በሕይወት ያለ ምስክር ሞስ ነው። በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ ደኑ ተመንጥሮ የቀረው በአብዛኛው በአድባራትና በገዳማት ቅጥር ውስጥ ነው። ከጥዱና ከወይራው ጥላ ሥር፣ በቅጥሩ ካብ ሰሜናዊ ገጽ ላይ፣ ከዛፎቹም ቅርፊት ላይ ሞስ አይጠፋም። ግንቦት ላይ ያየው የሞተ ይለዋል፤ ቡናማ ሆኖ ተጨማትሮ በጣት ሲነካ ይንኮሻኮሻል። ትንሽ ውሃ ጠብ ቢደረግበት ግን ቅጠሎቹ ዓይን እያየ ይፈታሉ፤ ጥቂት ደቂቃ ሳይሞላ አረንጓዴ ይሆናል። ሞስ ሥር የለውም፣ ውሃ የሚያወጣ ዘላቂ ቱቦ የለውም፤ አብዛኛው ቅጠሉም የአንድ ህዋስ ውፍረት ብቻ ነው። ውሃን የሚጠጣው በገላው ሁሉ ነው፤ ሲደርቅም በገላው ሁሉ ይደርቃል። ድርቀትን አይከላከልም፤ ደርቆ መኖርን ነው የቻለበት። የሊቨርወርትና የሆርንወርት ወገኖችም በዚሁ መንገድ ይኖራሉ። ሦስቱ ተደምረው በዓለም ላይ ወደ 20,000 የሚጠጉ ዝርያዎች አሏቸው።

ክረምት ላይ ያንኑ ሞስ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ከአረንጓዴው መሐል ቀጥ ብለው የቆሙ ቀጫጭን ዘንጎች ያያል፤ ጫፋቸው ላይ ትንሽ ክዳን ያለው ከረጢት አለ። ዘንጉ የሞሱ ቅርንጫፍ አይደለም፤ ልጁ ነው። ይህን ያወቁት ጀርመናዊው ቪልሄልም ሆፍማይስተር ናቸው፤ በላይፕዚግ በመጽሐፍና በሙዚቃ ኅትመት ሥራ የሚተዳደሩ፣ ዩኒቨርሲቲ ያልገቡ፣ ዓይናቸው እጅግ ቅርብ ብቻ የሚያይ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1851፣ ገና 27 ዓመት ሳይሞላቸው ወይም ልክ ሲሞላቸው፣ ከሞስ እስከ ጥድ ወገን ያሉ ዕፅዋት ሁሉ ሁለት ተፈራራቂ ትውልድ እንዳላቸው አሳዩ። አረንጓዴው ሞስ አንዱ ትውልድ ነው፤ ወንዴ ህዋሱ ሁለት ጭራ አለውና በዝናብ ውሃ ላይ ዋኝቶ ሴቴ ህዋስ ዘንድ ይደርሳል። ከሁለቱ የተፀነሰው ሽል አይበተንም፤ እናቱ ላይ ተተክሎ፣ ከእርሷ እየተመገበ ያድጋል። ያ ዘንግና ከረጢት እሱ ነው። ከረጢቱ ሲደርቅ ይከፈትና ስፖሩን ለነፋስ ይሰጣል።

አልጌ ይህን አያደርግም። ስፓይሮጋይራ ተዳቅሎ አንዲት የታሸገች ህዋስ ያገኛል፤ ያቺው ናት። ዕፅዋት ግን ሽሉን እናት ላይ አቆይተው አበዙት፤ ከአንድ ፅንስ ብቻ በሺህ የሚቆጠር ስፖር አወጡ። ወንዴ ህዋስ የሚዋኝበት ውሃ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ በሚገኝበት ቦታ፣ አንዱን ዕድል በሺህ ማባዛት ማለት ነው። የዕፅዋት ወገን በሳይንስ የሚታወቅበት መለያ ሥር ወይም ቅጠል ሳይሆን ይህ በእናቱ የሚጠበቅ ሽል መሆኑ ተገቢ ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ የዘንጉ ታሪክ ነው። ዘንጉ ከእናቱ ነጻ ወጣ፣ ቅርንጫፍ አወጣ፣ ረዘመ። ዊሊያም ሄንሪ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1937 በአውስትራሊያዊቷ ተመራማሪ በኢዛቤል ኩክሰን ስም ኩክሶኒያ ብለው የሰየሙት ተክል ጥንታዊ ናሙናው ከ430 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነበረ፤ ጥቂት ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ቅጠል የሌለው፣ ለሁለት ለሁለት እየተከፈለ በከረጢት የሚያበቃ ዘንግ። በሰሜን ስኮትላንድ ራይኒ በሚባል መንደር ደግሞ ሐኪሙ ዊሊያም ማኪ ከአጥር ካብ ላይ ያገኙት ድንጋይ ከ407 ሚሊዮን ዓመት በፊት በፍል ውሃ ዳር የነበረ ረግረግ ከነሕይወቱ ወደ ድንጋይነት እንደተለወጠ አሳየ። ከእሳተ ገሞራ ምድር የወጣው ሲሊካ ያለበት ፍል ውሃ ግንዱን፣ መተንፈሻ ቀዳዳዎቹን፣ ህዋሱን ሳይቀር አንድ በአንድ ዘልቆ አደነደነው። ኪድስተንና ላንግ እ.ኤ.አ. ከ1917 እስከ 1921 በአምስት ጽሑፎች ዘረዘሩት።

በራይኒ ተክሎች ግንድ ውስጥ ፈንገስ አለ። በሽታ ያመጣ አይደለም፤ በህዋሱ ውስጥ ቁጥቋጦ መስሎ የተሰራጨ፣ ዛሬ በጤፍ፣ በስንዴና በባቄላ ሥር የሚገኘው ዓይነት ነው። እነዚያ ዕፅዋት እውነተኛ ሥር አልነበራቸውም፤ ሥር ሆኖ ከድንጋዩ ፎስፈረስ የሚያመጣላቸው ፈንገሱ ነበር፤ እነሱም በብርሃን የሠሩትን ስኳር ይሰጡታል። ጎጃም ወንፈል የሚለው ዓይነት ውል ነው፤ አንዱ ለሌላው ማሳ ጉልበቱን ያውሳል፣ ተራው ሲደርስም ይመለስለታል። ያለዚህ ውል ዕፅዋት ባዶ ድንጋይ ላይ መቆም መቻላቸው ያጠራጥራል።

ቀጥሎ ሊግኒን መጣ። ውሃ የሚያወጡ ህዋሳት ሞተው ባዶ ቱቦ ሲሆኑ ግድግዳቸውን የሚያጠነክረው ይህ ነገር ነው፤ እንጨትን እንጨት ያደረገው እሱ ነው። ቱቦ ያለው ተክል ሞስ የማይችለውን ይችላል፤ ሥሩን እርጥበት ውስጥ ትቶ ቅጠሉን ፀሐይ ላይ ይሰቅላል። ከ385 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ደን ነበረ። አፈርም ተለወጠ። ዕፅዋት ከመምጣታቸው በፊት ዝናብ ከድንጋይ የፈታውን ደቃቅ ጭቃ ሁሉ ወንዝ ጠርጎ ባሕር ያስገባው ነበር፤ በየብስ የወንዝ ንብርብር ውስጥ የሸክላ ድንጋይ በብዛት መታየት የሚጀምረው ዕፅዋት ከተስፋፉ በኋላ ነው። ጭቃን በቦታው የሚይዝ ነገር የተገኘው ያኔ ነው። የጮቄ ገደላገደል ሲታረስ ሙጋና ሱሃ የተባሉት ወንዞች ቀልተው የሚወርዱት ይህ መያዣ ስለሚነሣ ነው፤ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በፊት የተገኘ ጥበቃ በአንድ ክረምት ይፈታል።

ከቱቦ ባለቤቶች ጥንታዊ ኑሮን ያልተዉት ፈርኖች ናቸው። በጎጃም ደጋ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ በብዛት ከሚበቅሉት አንዱ የቅጠሉ የታች ገጽ ነጭ ነው፤ ሲነኩት ዱቄት የመሰለ ነገር ጣት ላይ ይቀራል። በበጋ ቅጠሉን ወደ ውስጥ ጠቅልሎ ነጩን ገጽ ወደ ፀሐይ ያዞራል። ክረምት ሲገባ ይፈታል። በቅጠሉ ጠርዝ ላይ የሚታዩት ቡናማ ነጥቦች የስፖር ከረጢቶች ናቸው። ስፖሩ ወድቆ የሚያበቅለው ግን ፈርን አይደለም፤ ከጥፍር የማትበልጥ አረንጓዴ ገበር ናት፤ በእርሷ ላይ ወንዴ ህዋስ በጠል ውሃ ይዋኛል፣ ሽልም ይፀነሳል። ፈርን ሰው ቢያክልም ልጅነቱ ያለ ውሃ አይሆንም።

በኢትዮጵያና በኤርትራ ያሉት ወደ 6,000 የሚጠጉ ቱቦ ያላቸው ዕፅዋት የተመዘገቡበት ታላቅ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ተጠናቀቀ፤ ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርን፣ ሰብስቤ ደምሰውን፣ እንሰርሙ ቀልቤሳን የመሳሰሉ ምሁራን ደከሙበት። ፈርኖችን የያዘው ቅጽ 1 ነው፤ ለኅትመት የበቃው ግን ከመጨረሻዎቹ ጋር፣ በ2009 ነው። ሞስና ወገኖቹ ደግሞ ቱቦ ስለሌላቸው ከዚህ መዝገብ ውጭ ናቸው። ለዚህ ቅሬታዬን ሳልደብቅ እናገራለሁ። የየብስ ሕይወት የተጀመረበትን ኑሮ ዛሬም የሚኖሩት እነሱ ሆነው ሳለ፣ ተማሪ ከመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ያለፈ አያያቸውም። በደብረ ማርቆስ ወይም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለ አንድ ወጣት ከአድባራቱ ካብ ላይ ሞስ እየሰበሰበ፣ ከየትኛው ዛፍ ሥር የትኛው እንደሚኖር ቢመዘግብ ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ ሞስ ደርቆ በወረቀት ከረጢት ይቀመጣል፣ ሲፈለግ በውሃ ነክሮ ማየት ይቻላል።

ከ360 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አንዳንድ ዕፅዋት ያቺን ገበር ሳይቀር በእናት አካል ውስጥ ሸሸጓት። ወንዴው በብናኝ ተጠቅልሎ በነፋስ መጣ፤ ሽሉም ከስንቁ ጋር በቅርፊት ታሽጎ ወጣ። ዘር ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ ለመፀነስ ዝናብ መጠበቅ ቀረ፤ ጥዱም፣ ጤፉም፣ እንግጫውም ከዚህ ወገን ናቸው።

አንዳንዱ ወደ ውሃ ተመልሷል። የሞጣው መንገድ ባሕር ዳር ሲደርስ የሚታየው ጣና ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የታወቀው እምቦጭ አበባ የሚያብብ የየብስ ተክል ልጅ ነው። ውሃ ላይ ቢንሳፈፍም የሰም ሽፋኑን፣ መተንፈሻ ቀዳዳዎቹንና ቱቦውን አልጣለም፤ ዘሩንም እንዲሁ። የአንድ እምቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። በበጋ ሐይቁ ሲሸሽና ዳሩ ፀሐይ ሲያገኝ ይበቅላል፤ ውሃው ሲመለስ ተነሥቶ ይንሳፈፋል። ገበሬው በእጁ፣ መንግሥት በማሽን ያነሡት እምቦጭ በዓመቱ ተመልሶ የሚገኘው፣ ከተነቀለው ተክል በተጨማሪ ጭቃው ውስጥ የተቀመጠ ዘር ስላለ ነው። ስለዚህ የማስወገዱ ሥራ ተንሳፋፊውን ከመልቀም ባሻገር፣ ከማበቡ በፊት መድረስንና ውሃ በሸሸበት ዳር ላይ የሚበቅለውን ቡቃያ በበጋ መከታተልን ይጠይቃል።